ከሚሴም ይበርዳል

ከሚሴ ይበርዳል ብሎ ለአዲስ አበባ ሰው መናገር ራስን ለሳቅ መዳረግ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ከተማችንን የሚያውቋት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል እኛ ዘንድ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ኮቱን አውልቆ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ውሃ ገዝቶ፣ «እንዴት ነው እዚህ የምትኖሩት?» ብሎን ያልፋል። ከተማዋ 1400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት። ቆላ ደግሞ በሰው ሁሉ ግምት ብርድ የማይረግጠው አገር ነው።

እስቲ በታኅሣሥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ኑ።

ክረምቱን ሙሉ ሰማዩን የሸፈነው ደመና ለምድር ብርድ ልብስ ነበር፤ ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታወጣው ይይዝባት ነበር። ኅዳር ሲገባ ደመናው ይገለጣል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ምድርም ቀን ያጠራቀመችውን በአንድ ሌሊት ወደ ሰማይ ትበትነዋለች። ይህ አልበቃ ብሎ በስተምዕራባችን የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀዝቃዛ አየር ከሙቁ ይከብዳልና፣ እዚያ ላይ የቀዘቀዘው ሁሉ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ሌሊቱን ወደ ቦርከና ይወርድብናል። ጧት ጨፋ ረግረግ ላይ ጉም ተኝቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። ደገኞቹ ቀን ራሳቸው ገበያ ይወርዳሉ፣ ሌሊት ደግሞ ብርዳቸውን ይልኩብናል።

የዚህ ብርድ ክፋቱ ምስክር አለመተዉ ነው። ጧት 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ማስረጃውን ሁሉ ታጠፋለች። «ሌሊት እኮ ስንንቀጠቀጥ አደርን» የሚለው ሰው ይህን የሚናገረው ላቡን እየጠረገ ነው። ማን ያምነዋል?

የሚያምነው የሱብሂ ሰጋጅ ብቻ ነው። ከሚሴ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም ነውና ከተማዋ የምትነሣው ሳይነጋ ነው። አዛኑ ሲሰማ ዋናው ፈተና ከአልጋ መውረዱ አይደለም፤ ግቢ ውስጥ ሌሊቱን ያደረው ጀሪካን ነው። ቀን በፀሐይ ሞቆ ለመጠጥ የማይሆነው ያ ውሃ ሌሊቱን ጠባዩን ለውጦ ይጠብቃል። ሰው እጁን ሲታጠብ ዝም ይላል። ፊቱን ሲታጠብ ይተነፍሳል። ክርኑ ጋ ሲደርስ የአላህን ስም ከሌላው ጊዜ ከፍ አድርጎ ይጠራል። እግሩ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንደነበረም ረስቷል።

በዚህ ጉዳይ ሽማግሌዎቻችን ሁለት ወገን ናቸው። ልጅቱ «ሐጂ፣ ውሃውን ትንሽ ላሙቅልዎ?» ስትል አንዱ ወገን «ተይው ልጄ፣ አጅሬን አትቀንሽብኝ» ይላል፤ በብርድ ውዱእን አሟልቶ ማድረግ ምንዳው ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነውና። ሌላው ወገን ደግሞ ውሃ ማሞቅ ማንም እንዳልከለከለ ያስረዳል፤ አላህ ለባሮቹ ማግራትን እንጂ ማክበድን እንደማይሻ ጨምሮ። እኔ የማውቀው ሦስተኛ ወገን ግን አለ። መስጊድ በር ላይ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ትሩፋት ሲናገር የሚሰማው ነው፤ ከአልጋው ሥር ግን ማታ በሙቅ ውሃ ተሞልቶ የሚያድር ፔርሙዝ አለው። ይህን የሚያውቁት ሁለት ናቸው፦ አላህና ባለቤቱ። ሁለቱም ገመናውን ሸፍነውለታል።

የከሚሴ ሰው ብርዱን አምኖ የማይናገርበት ሌላም ምክንያት አለ። እዚህ አገር «በረደኝ» ማለት ስለ አየሩ መናገር አይደለም፤ ስለ ደም ምርመራ መናገር ነው። በኢትዮጵያ ከ2000 ሜትር በታች ያለ አገር በአብዛኛው የወባ አገር ተብሎ ይመደባል፤ ወባው የሚበረታውም ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲያቁር፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። የብርዱና የወባው ወራት ገጥመዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በኅዳር ጧት ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ብቅ ካለ «እንዴት አደርክ» የሚለው የለም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ነው የሚባለው። «ኧረ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ነው» ቢል ማን ሰምቶት! አንዱ ግንባሩን ይዳስሳል፤ አንዱ «አፍህን ይመርሃል?» ይላል፤ ሦስተኛው ባጃጅ አስቁሞ ጤና ጣቢያ ሊወስደው ይጣደፋል። «አብሽር፣ ቶሎ ከተደረሰበት ምንም አይደለም» የሚሉትም አሉ። በዚህ የተነሣ ጤነኛ ሰው ብርዱን በልቡ ይዞ በሸሚዝ ይወጣል፤ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ መጠርጠር ያስፈራዋል። (የምር ትኩሳት ያለበት ሰው ግን እንዲህ እንዳያስብ፤ እሱስ ይመርመር። አጎበሩንም ለቢንቢው ይዘርጋው፤ አጥፎ ቢደርበው ለብርድ አይሆንም።)

ወደ ቤታችን ስንገባ ነገሩ ይባስ ግልጽ ይሆናል። ቤታችን የተሠራው ሙቀት እንዲወጣ ነው። ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት ቦታ ነፋስ ይግባ ተብሎ ክፍት ይተዋል። ነፋሱም ይገባል፤ ወሩን ግን አይመርጥም። ቆርቆሮው ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት ደግሞ ከጠራው ሰማይ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው እሱ ነው። ከዚህ ሽቅብ የመንዝን ቤት ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ በሩ ጠባብ፣ ምድጃው ከመካከል፣ ከብቱም እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። አንዲት ላም ከሰው ብዙ እጥፍ ሙቀት ታወጣለች፤ ደገኛው ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አላስፈለገውም። በጉን ሸልቶ ባናና በርኖስ ሠርቷል፤ ለአልጋው አጎዛ አለው፤ ለኩበቱም ክምር አለው።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ከደገኛው ይልቅ የሚበርደው ቆለኛው ነው። ደገኛ ብርድን አምኖ ተቀብሎታል፤ ስላመነውም ቤት ሠርቶለታል፣ ልብስ ሸምኖለታል። እኛ ክደነዋል። የደብረ ብርሃን ሰው በታኅሣሥ ሌሊት አይንቀጠቀጥም፤ ለብሷላ! የሚንቀጠቀጠው በሽርጥና በነጠላ አንሶላ የተኛው የከሚሴ ሰው ነው። ከእኛ መካከል ብርድን የሚያከብረው በበጋ ከብቱን ይዞ ጨፋ የሚሰፍረው አርብቶ አደር ነው። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ሜዳ ላይ ስለሚያድር ራሱን አያታልልም፤ እሳቱን አንድዶ ከከብቱ ተጠግቶ ይተኛል።

ለመሆኑ ምንም ልብስ የለንም ወይ? አለን እንጂ። ጋቢ አለን። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚያሞቀው በጥጡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በድርቡና በድርቡ መካከል በሚይዘው አየር ነው። ለዚህ ነው ተጨምቆ የተጠቀለለ ጋቢ የማያሞቀው፣ ዘና ብሎ የተደረበው የሚያሞቀው። ቡሉኮም ያለው አለ፤ እሱ ከከበደ አይነሣም፣ ሌሊት መገላበጥ የፈለገ ሰው ባለቤቱን ቀስቅሶ መማከር አለበት። ነገር ግን የከሚሴ ትልቁ የብርድ መከላከያ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ነብሩ ነው።

ነብሩን የማያውቅ የወሎ ቤት የለም። የአረብ አገር ብርድ ልብስ ነው፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ መካከሉ ላይ አንድ ሙሉ ነብር የተኛበት። ጣዎስ ያለበትም አለ፣ ጽጌረዳ ያለበትም አለ፤ ነብሩ ግን ማዕረጉ ከፍ ያለ ነው። ከዚህ አካባቢ ብዙ እኅቶቻችን ለሥራ ወደ ሳውዲ አረቢያ ሄደዋል፤ ሲመለሱ ወይም ሰው ሲመጣ ከሚልኩት ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። መጀመሪያ ነገሩ ግራ ያጋባኝ ነበር። ከበረሃ አገር ብርድ ልብስ ይመጣል? ኋላ አንዷ ተመላሽ አስረዳችኝ። «ጅዳ ውጭው እሳት ነው፣ ቤቱ ግን በኤሲ በረዶ ነው፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ በርዶኝ አያውቅም» አለችኝ። ያ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ ብርድ ይገዛል፤ የገዛው ብርድ ሲበዛበት ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ነብር ይገዛል። እኛ ብርዱን በነፃ ስለምናገኝ ነብሩ ብቻ ነበር የጎደለን፤ እሱም ከነማስቀመጫው መጣ።

ችግሩ ያ ማስቀመጫ ነው። ነብሩ የመጣበት ባለዚፕ ላስቲክ እስካሁን አልተከፈተም። ቁም ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ቤተሰቡን ያያል፤ ቤተሰቡም በሳሳ አንሶላ እየተንቀጠቀጠ ነብሩን ያያል። «ለምን አይወርድም?» ካላችሁ መልሱ አንድ ነው፦ «ለእንግዳ ነው።» እንግዳው ማን ነው? ያው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ነው። እሱ ደግሞ ሌሊት ነብሩን ገፍፎ መሬት ይጥለዋል። «ኧረ ከሚሴ ሙቀት ነው፣ ይህን ምን አመጣው?» ይላል ጧት። ነብሩ ተመልሶ ወደ ላስቲኩ ይገባል።

ወጣቱ ሌላ መንገድ አግኝቷል፤ ሰልባጅ። በክምር ከሚሸጠው ልባሽ ጨርቅ መካከል ለበረዶ መንሸራተቻ የተሰፋ ጃኬት ይገኛል፤ ባለኮፍያ፣ በውስጡ ላባ የተሞላ፣ ኪሱ የማያልቅ። ይህን ለብሶ ጧት የሚታየው የባጃጅ ሾፌር ነው። በዚህ ልጅ አትሳቁ። ባጃጅ በር የላትም፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የቦርከናን ነፋስ በደረቱ የሚቀበለው እሱ ነው። የምንስቀው ቀትር ላይ ነው፤ ያኔም አያወልቀውም። ፋሽን ሆኗላ! በ35 ዲግሪ ፀሐይ ውስጥ ዚፑን እስከ አገጩ ስቦ ሲያልፍ «አያ፣ ሂማላያ ስንት ነው?» ብለው የሚጠይቁት አሉ።

የከሚሴ ልጅ የብርድን ትምህርት በወጉ የሚማረው ግን ደብረ ብርሃን ሲመደብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ቆለኛ ተቀብሎ አስመርቋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማራቸው ግን ካልሲ መደረብን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሰው 1000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእኛ ያላት ልዩነት ብቻ ዘጠኝ ዲግሪ ይሆናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን ማለፍ አለ። እናት ይህን ስሌት ያለ ወረቀት ታውቀዋለች። ሻንጣውን ስታሰናዳ ጋቢውን ከላይ ታደርጋለች፤ ልጁ ዞር ስትልለት ከሥር ይቀብረዋል። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ቆሎ ሲገዛ ገና ደፋር ነው። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ዝም ይላል። ማዶ ሲወጡ ሻንጣው መኪናው ጣሪያ ላይ እንደታሰረ ትዝ ይለዋል።

ማታ ስልክ ይደወላል።

«ደረስክ ልጄ?»

«ደርሻለሁ እማ።»

«ጋቢውን ለበስከው?»

«እህ… ሻንጣ ውስጥ ነው።»

«ሻንጣው ይበርደዋል ወይ?»

ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከተማቸውን እዚያ ብርድ ላይ መቆርቆራቸው ሁሌ ይደንቀኛል፤ የካባ እጥረት አልነበረባቸውም ብዬ አልፋለሁ። የብርድ ልብስ ፋብሪካውም በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያው መተከሉ ትክክል ነው። የሰሜን ሸዋ ብርድ ምርቱን በነፃ ያስተዋውቅለታል፤ ከሚሴ ላይ ቢተከል ኖሮ ሠራተኛው ራሱ አይገዛውም ነበር። ልጁ ግን በዓመቱ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። በኅዳር ሌሊት ሁላችን ስንኮማተር በካናቴራ ግቢ ይወጣና «ይህማ ምን ብርድ ነው!» ይለናል። ይህን ያህል ቶሎ የሚኮራ ምሩቅ ከሌላ የትምህርት ክፍል አይወጣም።

እዚህ ላይ ሴቶቻችንን ካላነሣሁ ግፍ ይሆናል፤ እነሱ ከብርድ ጋር የተዋጉበት መንገድ ከወንዶቹ ሁሉ ይልቃልና። ወይባ አላቸው። ከመሬት ጉድጓድ ትማሳለች፤ የወይባ እንጨት ውስጡ ተደርጎ ያለ ነበልባል ይጤሳል፤ ሴትየዋ ገላዋን ቅቤ ተቀብታ ከላዩ ትቀመጥና በወፍራም ልብስ ትሸፈናለች፤ ፊቷ ብቻ ውጭ ይቀራል። ላቡ ይወርዳል፣ ወገብ ይፍታታል፣ ቆዳ ይወዛል። ሙሽራዋ ከሠርጓ በፊት፣ አራሷ ከወለደች በኋላ፣ ሌላዋም ሲደክማት ትገባበታለች። ቆላ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ፣ ሙቀት ፍለጋ መሬት መቆፈር እብደት የሚመስለው ያልሞከረው ነው። የፊንላንድ ሰዎች ሳውና የሚሉት አለ። አገራቸው በረዶ ነው፣ ምክንያት አላቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦላቸዋል። ወይባ ያልተመዘገበው ባለቤቶቿ ልብስ ውስጥ ተሸፍነው ስለሚቀመጡ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ እጅ ስላልተረፋቸው ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ ግን ወይባ በየስፓው በገንዘብ ይሸጣል፤ ብልጥ ነጋዴ ከዩኔስኮ ይቀድማል።

ወንዶቹስ? ወንዶቹ ወዳጃ አላቸው። ወዳጃ ለዱዓ ነው፤ ለሙቀት ተብሎ የተቀመጠ የለም። ሆኖም ፊዚክሱ ራሱን አይደብቅም። ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ገላው የሚያወጣው ሙቀት 100 ዋት ያህል ነው። ሃያ ሰው በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ሲቀመጥ 2000 ዋት ይሆናል፤ ይህም አንድ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚያወጣው ነው። በዚህ ላይ ጭሳጭሱ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚመርቁት ሽማግሌ ድምፅ አለ። ቆጣሪ የለውም፤ መብራት ቢጠፋ አይቋረጥም። በኅዳርና በታኅሣሥ የዱዓ ጥሪ የሚቀርብባቸው ቤቶች ቁጥር ለምን ከፍ እንደሚል የሚጠይቅ ካለ እኔ አልመልስም፤ «አሚን» ብቻ እላለሁ። የማሽላ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ከተጨመረበትማ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄደው ጋቢውን በክንዱ ይዞ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሲበተን ነው። ሃያው ሰው ሄዷል፣ ገንፎው አልቋል፣ ነብሩ ቁም ሣጥን ላይ ነው። የቀረ አንድ ሙቅ ነገር ቢኖር የቡናው ማንደጃ ነው። ፍሙ ደምቆ ቀይ ሆኗል፤ ሲያዩት ያሳሳል። «ከምንጥለው ልጆቹ ክፍል ይደር» የሚል ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው። በሩ ይዘጋል፤ ለወትሮው ነፋስ የሚያስገባው የጣሪያ ሥር ክፍተትም «ብርዱን ቀንሱ» ተብሎ በጨርቅ ይወተፋል። በዚህ እኔ አልቀልድም። ደጋ ላይም ሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ሰዎች ከነልጆቻቸው ተኝተው ያልተነሡት በዚህ ነው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ ከእንግዲህ አያፍንም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ቀዩም ፍም ያወጣዋል። ከጎኑ ውሃ በሣህን ማስቀመጥም አያድንም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ የሚገባ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና መዛል ነው፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህንንም አይሰማም።

ስለዚህ የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሰንበቴ እናቶችና አባቶች፣ አደራ! ማንደጃውን ከመተኛታችሁ በፊት ከደጅ አውጡት፤ ነብሩንም ከቁም ሣጥኑ አውርዱና ልጆቹን አልብሷቸው። እንግዳ ከመጣ አጥባችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ለእሱ እንደሆነ ሙቀት ነው።